ሩጫን ሙያ ያደረገው ሰው

በ1972 ዓ.ም. ክረምት ምሩፅ ይፍጠር ሞስኮ ላይ በ5 ሺህም በ10 ሺህ ሜትርም ወርቅ ሲያጠልቅ፣ አርሲ ውስጥ በአሰላ አካባቢ የሚኖር የሰባት ዓመት ልጅ የአባቱን ሬዲዮ ጆሮው ሥር ደቅኖ ያዳምጥ ነበር። ሕዝቡ «ማርሽ ቀያሪው» ያለው ሰው በመጨረሻው ዙር ማርሹን ቀይሮ ሲፈተለክ ልጁ በዓይኑ አላየም። የሰማው የሬዲዮ ጩኸት ብቻ ነው። ያ ግን በቃው። ኃይሌ ገብረሥላሴ የሩጫን ሐሳብ ማን እንዳሳደረበት በተጠየቀ ቁጥር ስሙን የሚያነሣው ምሩፅን ነው።

ኃይሌ ከአሥር ልጆች አንዱ ሲሆን አባቱ ገበሬ ነበሩ። ትምህርት ቤቱ ከቤታቸው አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ልጁ ይህን መንገድ ጠዋት ሄዶ ማታ ይመለሰዋል፤ እንዳይረፍድበት ደግሞ ይሮጠዋል። ደብተሩን በግራ ብብቱ ሥር ሸጉጦ መሮጥ የለመደ ክንድ፣ ኋላ የዓለም ካሜራ ሁሉ ሲያተኩርበት እንኳ አልተዘረጋም። በትልልቅ ስታዲየሞች የኃይሌን ሩጫ ያየ ሰው ያስታውሳል፦ ቀኝ እጁ እንደማንኛውም ሯጭ ሲወዛወዝ፣ ግራው ዛሬም ደብተር እንደያዘ ጎኑ ላይ ታጥፎ ይቀራል።

አባቱ ሩጫውን አልወደዱትም። ልጃቸው ተምሮ ሥራ እንዲይዝ ፈለጉ። በዘመኑ ሚዛን ካየነው አባትየው አልተሳሳቱም፤ ሩጫ እንጀራ አልነበረማ! አበበ ቢቂላና ማሞ ወልዴ የክብር ዘበኛ ወታደሮች ነበሩ፤ ምሩፅ ደግሞ የአየር ኃይል ሰው። ደመወዛቸው የሚቆረጠው ከለበሱት መለዮ እንጂ ከሮጡት ኪሎ ሜትር አልነበረም። ሯጩ ሜዳሊያ ሲያመጣ ሹመትና ሽልማት ያገኝ ይሆናል፤ ሳያመጣ ሲቀር ወደ ጓዱ ይመለሳል። በዚያ ላይ ኢትዮጵያ የ1976ቱን፣ የ1984ቱንና የ1988ቱን ኦሎምፒኮች አልተካፈለችም (እነዚህና ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታትና ቀናት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በነዚያ ዓመታት ስንት ጉልበት ሜዳ ላይ እንደቀረ ማን ቆጥሮት!

ኃይሌ በ15 ዓመቱ አዲስ አበባ ላይ ማራቶን ሮጠ። ርቀቱ ለዕድሜው ከባድ ነበር፤ እሱ ግን ጨረሰው። ታላቅ ወንድሙ ተከዬም ሯጭ ነበር። ብዙ ሳይቆይ ኃይሌ ኑሮውን አዲስ አበባ አደረገ፤ እንደ ቀደሙት ሁሉ እሱም መለዮ ለባሽ ሆነ። ዛሬ በወግ ሲጠራ «ሻለቃ ኃይሌ» የሚባለው በፖሊስ ባልደረባነቱ ባገኘው ማዕረግ ነው። ከተማው ግን ከደመወዝና ከማዕረግ የበለጠ ነገር ሰጠው። እንጦጦን ሰጠው።

ለከተማው ሰው እንጦጦ ማርያምና ራጉኤል ነው፤ የአፄ ምኒልክ የቀድሞ መቀመጫ ነው፤ ጠበል ነው፤ ከጫካው ጭራሮ ተሸክመው ጎንበስ ብለው የሚወርዱ እናቶች ናቸው። ለሯጭ ሥራ ቦታው ነው። አዲስ አበባ ራሷ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ የእንጦጦ አናት ደግሞ 3,000 ሜትርን ያልፋል። እዚያ ላይ የሚተነፈሰው አየር ጫናው ከባሕር ዳርቻው በሲሶ ገደማ ያነሰ ስለሆነ፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ሰውነት ይህን ለማካካስ ቀይ የደም ሕዋሳቱን ያበዛል። ሯጩ ወደ ዝቅተኛው አገር ሲወርድ ያ የተጠራቀመ ደም ነው ጉልበት የሚሆነው።

በማለዳ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወይም ከሽሮ ሜዳ በላይ የወጣ ሰው የሚያየው ትዕይንት ዛሬም ያው ነው። ጉሙ ገና አልተገለጠም። በባሕር ዛፎቹ መካከል አሥር አሥራ አምስት ሯጮች አንድ ሰልፍ ሠርተው ይመጣሉ። መንገድ አይከተሉም፤ መሪው በግንዶቹ መካከል ወዲያና ወዲህ ሲታጠፍ የኋላው የፊተኛውን ኮቴ እየረገጠ ይከተለዋል። የረገፈው ቅጠል ለእግር ምንጣፍ ነው፤ ሥሩና ድንጋዩ ደግሞ ዓይን እንዲነቃ ያስገድዳል። ወሬ የለም፤ የሚሰማው ትንፋሽና የቅጠል ኮሽታ ብቻ ነው። ሯጮቹ የሳምንቱን ቀናት የሚጠሩት በመሬቱ ዓይነት ነው፦ ዛሬ ጫካ፣ ነገ ኮሮኮንች፣ ከነገ ወዲያ አስፋልት። ለኮሮኮንቹና ለአስፋልቱ ሰንዳፋ ወይም ሱሉልታ ይኬዳል፤ ሞቅ ያለና ዝቅ ያለ ቦታ ሲፈለግ ወደ አቃቂ ይወረዳል። ጫካው ግን የእንጦጦ ነው።

ያንን ትውልድ የገራው እጅ የዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ ነበር። በሃንጋሪ የተማሩት ዶክተሩ በቁጣቸውና በሥርዓታቸው የሚታወቁ አሠልጣኝ ነበሩ። በ1992 ደራርቱ ቱሉ ባርሴሎና ላይ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ አምጥታ የጠፉትን ዓመታት ስታስረሳ፣ በዚያው ዓመት ኃይሌ በሴኡል የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና 5 ሺውንም 10 ሺውንም አሸነፈ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር።

ቀጣዩ ክረምት በሽቱትጋርቱ የዓለም ሻምፒዮና ላይ ትልቁን በር ከፈተለት፤ አከፋፈቱ ግን ንጹሕ አልነበረም። የ10 ሺህ ሜትሩ የመጨረሻ ዙር ሊጀመር ሲል ኃይሌ ኬንያዊውን ሞሰስ ታኑይን ከኋላ እየተከተለ ተረከዙን ረገጠው። የታኑይ ጫማ ተፈታ። ታኑይ ጫማውን አሽቀንጥሮ በአንድ እግር ጫማ ተወነጨፈ፤ ኃይሌ የደረሰበት ከመጨረሻው ጥግ በኋላ ነው። በግማሽ ሰከንድ ያህል ልዩነት አሸነፈ፤ ታኑይም በንዴት በገነ። ኃይሌ በ5 ሺው ደግሞ የብር ሜዳሊያ ጨመረ። በዚያ ሻምፒዮና ለአሸናፊዎች የሚሰጠው ሽልማት መርሴዲስ መኪና ነበር። ከመለዮ ደመወዝ ወደ መርሴዲስ! ሩጫ ራሱን ችሎ የሚያኖር ሥራ ሊሆን እንደሚችል ያ መኪና ከማንም ንግግር በላይ ተናገረ።

ኃይሌም ሥራ አደረገው። ከሆላንዳዊው ማናጀር ከጆስ ሄርመንስ ጋር ተጣመረ። ሄርመንስ ራሱ በ1970ዎቹ አጋማሽ በአንድ ሰዓት ሩጫ የዓለም ክብረ ወሰን የነበረው ሰው ስለሆነ፣ ሰውነት እስከ የት እንደሚገፋና የት ላይ ማረፍ እንዳለበት ያውቃል። በ1994 ሰኔ ላይ የሆላንዷ ትንሽ ከተማ ሄንግሎ የኃይሌን የመጀመሪያ ትልቅ ክብረ ወሰን አየች፦ 5 ሺህ ሜትር በ12:56.96። የሞሮኮው ሰይድ አዊታ ክብረ ወሰን ሰባት ዓመት ከቆየ በኋላ ተሰበረ። በዓመቱ፣ በዚያው ሄንግሎ፣ 10 ሺው በ26:43.53 ተጨመረ።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን በ1995 ነሐሴ ዙሪክ ላይ የሆነው ነው። በመካከሉ የ5 ሺህ ሜትሩን ክብረ ወሰን ኬንያዊው ሞሰስ ኪፕታኑይ ወደ 12:55.30 አውርዶት ነበር። ክብረ ወሰን ማለት በሰከንድ ሽርፍራፊ የሚቀነስ ነገር ነው፤ አንድ ሰከንድ ከተቀነሰ ዜና ነው። ኃይሌ በዚያ ምሽት 12:44.39 ሮጠ። አሥራ አንድ ሰከንድ ሊሞላ ጥቂት ቀረው። ከዚያ ቀደም ብሎም ጎተንበርግ ላይ የ10 ሺህ ሜትር የዓለም ሻምፒዮንነቱን አስከብሯል።

በ1996 አትላንታ ላይ ፖል ቴርጋት መጣ። ቁመቱ ረዥም፣ እርምጃው ሰፊ፣ በአገር አቋራጭ የዓለም ንጉሥ የነበረ ኬንያዊ። ከኃይሌ አጭር ቁመትና ፈጣን ኮቴ ጋር ሲታይ ፈጽሞ የተለየ ፍጥረት ነው። ኬንያውያን ኃይሌን እስከ መጨረሻው ዙር ደወል ከወሰዱት እንደሚያልቅላቸው ስለገባቸው፣ ቴርጋት ገና ብዙ ዙር ሲቀር ሩጫውን አጠነከረው። ኃይሌ ተለጠፈበት። በመጨረሻው ዙር አልፎት በ27:07.34 የመጀመሪያውን የኦሎምፒክ ወርቁን ወሰደ። የአትላንታ ትራክ ግን ለአጭር ርቀት ሯጮች ተብሎ ጠንክሮ የተሠራ ነበር፤ በእንጦጦ ቅጠል ላይ የኖረ እግር በውሃ ቋጠሮ ተልጦ ወጣ። 5 ሺው ቀረ።

1997 የዚህ የሩጫ ሕይወት ልብ የሚነካ ዓመት ይመስለኛል። ኃይሌ በሐምሌ ኦስሎ ላይ የ10 ሺህ ሜትሩን ክብረ ወሰን ወደ 26:31.32፣ በነሐሴ አጋማሽ ዙሪክ ላይ የ5 ሺውን ወደ 12:41.86 አወረደ፤ በመካከላቸው አቴንስ ላይ ለሦስተኛ ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ከዙሪክ በኋላ ዘጠኝ ቀን ብቻ አለፈ። ነሐሴ 22 ቀን ብራስልስ ላይ ኬንያዊው ዳንኤል ኮመን 5 ሺውን በ12:39.74፣ ቴርጋት 10 ሺውን በ26:27.85 ሮጡ። ሁለቱም የኃይሌ ክብረ ወሰኖች በአንድ ምሽት ተወሰዱ።

ሌላ ሯጭ ቢሆን ይህን ለማሰላሰል ብዙ ጊዜ ይወስድበታል። ኃይሌ ወደ እንጦጦ ተመለሰ፤ ገበሬ በረዶ የመታውን ማሳ ትቶ እንደማይሄድ ሁሉ ማለዳ ማለዳ ጫካው ውስጥ ተገኘ። በ1998 ሰኔ 1 ቀን ሄንግሎ ላይ 10 ሺውን በ26:22.75 አስመለሰ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሄልሲንኪ ላይ 5 ሺውን በ12:39.36 አስመለሰ፤ ከኮመን የተሻለው በ38 የሰከንድ መቶኛ ብቻ ነው። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ስድስት ዓመት ገደማ ከቆዩ በኋላ የሚነካቸው ሰው መጣ። እሱም የአርሲ ልጅ ነበር።

በ1999 ማኤባሺ ላይ በቤት ውስጥ የዓለም ሻምፒዮና 1,500ንም 3,000ንም አሸነፈ፤ ሴቪል ላይ ደግሞ አራተኛውን የ10 ሺህ ሜትር የዓለም ሻምፒዮንነት ደረበ። ተረከዙ ግን መጮህ ጀምሮ ነበር። የተረከዝ ጅማት ሯጩ ሲያኮበኩብም ሲያርፍም የሚጫነው ገመድ ነው፤ አንዴ ከተቆጣ ልምምድ ያባብሰዋል፣ ዕረፍት ደግሞ አቋም ይሰርቃል። ኃይሌ ለሲድኒ ኦሎምፒክ የደረሰው ይህን ሕመም እንደያዘ ነው።

መስከረም 25 ቀን 2000። ኬንያውያን እንደ አትላንታው ተቀናጅተዋል። ሩጫው ደወሉ ላይ ሲደርስ አምስት ሯጮች ገና አንድ ላይ ናቸው። 250 ሜትር ያህል ሲቀር ቴርጋት ተፈተለከ፤ በዚያ ርቀት እንደዚያ ሲሮጥ ታይቶ አያውቅም። ኃይሌ ወዲያው አልደረሰበትም። ጥጉን ሲዞሩ ቴርጋት ይመራል፤ ቀጥታው መንገድ ላይም ይመራል። መስመሩ ሊነካ ጥቂት እርምጃ ሲቀር የኃይሌ ደረት ብቅ አለ። 27:18.20 ለኃይሌ፣ 27:18.29 ለቴርጋት። ከሃያ አምስት ዙር በኋላ ልዩነታቸው 9 የሰከንድ መቶኛ ነበር፤ በዚያው ኦሎምፒክ የወንዶች 100 ሜትር አሸናፊና ሁለተኛ የተለያዩበት 12 የሰከንድ መቶኛ ነው። ሦስተኛ የወጣው አሰፋ መዝገቡ ነበር። ደራርቱ፣ ሚሊዮን ወልዴና ገዛኸኝ አበራ ተጨምረው ኢትዮጵያ አራት ወርቅ ይዛ ተመለሰች፤ አዲስ አበባም ለአቀባበሉ ወደ ጎዳና ወጣች።

ከሲድኒ በኋላ ተረከዙ በቀዶ ሕክምና ተከፈተ። ተመልሶ ለውድድር የበቃው በ2001 በኤድመንተኑ የዓለም ሻምፒዮና ላይ ሲሆን ሦስተኛ ወጣ፤ ከ1993 ጀምሮ በ10 ሺህ ሜትር ያልተደፈረው ሰው ተሸነፈ። በዚያው መከር ብሪስቶል ላይ የግማሽ ማራቶን የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ አበቃለት ለሚሉት መልስ ሰጠ። ኅዳር ላይ ደግሞ በእሱ ሐሳብ አመንጪነት የተጀመረው የመጀመሪያው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በአሥር ሺህ ተሳታፊዎች ተካሄደ፤ አሸናፊውም ራሱ ነበር። ያ ውድድር ዛሬ ከ40 ሺህ ሰው በላይ የሚሮጥበት የከተማው ዓመታዊ በዓል ሆኗል።

የአርሲው ልጅ ቀነኒሳ በቀለ በ2003 በፓሪሱ የዓለም ሻምፒዮና ላይ ደረሰ። ኃይሌ ሩጫውን ከፊት ሆኖ አከረረው፤ ሁለተኛውን 5 ሺህ ሜትር ከ13 ደቂቃ በታች አስኬደው። ወጣቱ ግን በ26:49.57 አለፈው፣ ኃይሌ ሁለተኛ፣ ስለሺ ስህን ሦስተኛ። በ2004 ግንቦት መጨረሻና ሰኔ መጀመሪያ ላይ ቀነኒሳ ሁለቱንም የ1998 ክብረ ወሰኖች ወሰደ። የ5 ሺውን የሰበረው እዚያው ሄንግሎ ላይ ነው። አቴንስ ኦሎምፒክ ላይ የኃይሌ ተረከዝ ዳግመኛ ታሞ ነበር። ሩጫው እየከረረ ሲሄድ ኃይሌ ወደ ኋላ ቀረ፤ ከፊት ያሉት ቀነኒሳና ስለሺ ዞር እያሉ አዩት፣ ፍጥነታቸውንም ቀዝቀዝ አደረጉለት። አልደረሰባቸውም። አምስተኛ ሆኖ ገባ። በኦሎምፒክ ፍጻሜ ላይ እንዲህ ያለ ክብር ለታላቅ ወንድም ሲሰጥ እምብዛም አይታይም፤ ያንን ምሽት ያየ ኢትዮጵያዊ ከወርቁ እኩል የሚያስታውሰው ይህን ነው።

ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነበር። ሜዳሊያውን አንጠልጥሎ ቢያርፍ ማንም አይወቅሰውም። ሩጫን ለሙያ የያዘ ሰው ግን ጉልበቱ የት እንደሚያዋጣ ይመረምራል። የትራክ ፍጥነቱ ቀንሷል፤ የጫካው ኪሎ ሜትር ግን እግሩ ውስጥ አለ። በ2002 ለንደን ላይ በ2:06:35 ሦስተኛ ወጥቶ ማራቶንን ቀምሶት ነበር። ስለዚህ ወደ አስፋልት ወረደ። ቀኑንም ለሁለት ከፈለው፦ ማለዳ እንጦጦ፣ ከዚያ ቢሮ፣ ከሰዓት በኋላ እንደገና ልምምድ። ቦሌ ላይ በባለቤቱ በዓለም ስም የተሠራው ሕንፃና ኋላ በየከተማው የተከፈቱት ሆቴሎች የቆሙት ልምምድ ሳይጓደል ነው። እኔ ከሜዳሊያዎቹ እኩል የማደንቀው ይህን ሥርዓት ነው።

በ2005 አምስተርዳም፣ በ2006 በርሊንና ፉኩኦካ ተሸነፉለት። በ2007 ሰኔ ኦስትራቫ ላይ በአንድ ሰዓት 21,285 ሜትር ሮጠ፤ ይህ ማናጀሩ ሄርመንስ በወጣትነቱ ክብረ ወሰን የያዘበት ውድድር ነበር። በዚያው ዓመት መስከረም 30 ቀን በርሊን ላይ የማራቶኑን ክብረ ወሰን በ2:04:26 ሰበረ። ሰዓቱ የማን ነበር ቢሉ፣ የፖል ቴርጋት። በዓመቱ እዚያው በርሊን ላይ 2:03:59 ገባ። ማራቶንን ከ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ በታች የሮጠ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። አንዱን ኪሎ ሜትር በአማካይ በ2 ደቂቃ ከ56 ሰከንድ እየረገጠ አርባ ሁለት ጊዜ ደገመው ማለት ነው፤ ዕድሜው ሠላሳ አምስት ነበር።

በዚያ ዓመት በቤጂንግ ኦሎምፒክ ማራቶኑን ሳይሮጥ ቀርቷል። አስም ስላለበት የከተማዋን የተበከለ አየር ፈራ፤ በምትኩ 10 ሺህ ሜትር ሮጦ ስድስተኛ ወጣ። ውሳኔው አነጋግሮ ነበር፤ እኔ ግን ትክክል ነበር እላለሁ። ሳንባውን ያተረፈ ሰው ከስድስት ሳምንት በኋላ በርሊንን አሸነፈበት። ዱባይንም ከ2008 እስከ 2010 ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ወሰደ።

በ2010 ኅዳር ኒውዮርክ ላይ ጉልበቱ ከዳው። አንድ ድልድይ ላይ ውድድሩን አቋርጦ ወጣ፤ በዚያው ቀን በጋዜጠኞች ፊት እንባው እየመጣ ሩጫ በቃኝ አለ። ብዙ ቀን ሳይቆጠር ሐሳቡን ለወጠ። በ2011 በርሊን ላይ አብሮት የሮጠው ፓትሪክ ማካው በ2:03:38 ክብረ ወሰኑን ሲወስድ ኃይሌ ሩጫውን አቋርጦ ወጣ። ለለንደን ኦሎምፒክ አልተመረጠም። በመጨረሻ በ2015 ግንቦት፣ አምስት ጊዜ ያሸነፈበትን የማንቸስተር ጎዳና ሮጦ አሥራ ስድስተኛ ሲወጣ ከውድድር መሰናበቱን ተናገረ። አርባ ሁለት ዓመቱ ነበር። በ2016 የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ፤ በ2018 በፈቃዱ ሲለቅ ወንበሩን የተረከበችው ደራርቱ ናት።

ከሃያ ሁለት ማዞሪያ እስከ መገናኛ የሚዘልቀው ጎዳና ዛሬ በስሙ ይጠራል። እንጦጦም ተለውጧል፤ በ2020 ፓርክ ሆኖ ተከፍቶ አስፋልትና መናፈሻ ገብቶበታል፣ ጎብኚውም መኪናውም በዝቷል። ሯጮቹ ግን አልተለወጡም። ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ፣ አብዛኞቹ ስማቸው ገና ያልተሰማ ልጆች፣ ከጫካው ወጥተው ዳገቱን በአስፋልቱ ዳር ይወርዱታል። በማለዳ ወደ እንጦጦ የምትወጡ ሹፌሮች ሆይ፣ ጉም ባለበት ጥግ ላይ ፍጥነት ቀንሱ፣ መብራት አብሩ፣ ዳሩን ልቀቁላቸው። እነሱ ሥራ ላይ ናቸው።